በምግብ ርዕስ ጽሑፍ ማስተማር፦ ክትፎው ያስከፈለኝን ልንገርሽ

እህቴ፣ የአንደኛ ዓመቱን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኮርስ በምግብ ዙሪያ ላድርገው ወይ ላልሽው፦ አድርጊው። እኔ ፒያሳ አካባቢ ባለ ኮሌጅ ሞክሬዋለሁ፤ ተቃጥዬበታለሁም።

1. ከሁሉ በፊት ካላንደር እዪ። 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ "ክትፎ ቤት ሄዳችሁ ያያችሁትን፣ ያሸተታችሁትን፣ የቀመሳችሁትን ጻፉ" ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። 10 ማርክ። የካቲት 17 ሁዳዴ ገባ፣ የካቲት 22 ረመዳን። በአንድ ሳምንት ውስጥ! ማን ይቅመስልኝ? እኔ ራሴ እኮ ሽሮ ላይ ነበርኩ። የክትፎ ዋጋም ተማሪ እንደማይችለው አላሰብኩም። አንድ ወላጅ ደውሎ ከሰሰኝና ቢሮ ተጠራሁ። ኃላፊው ቁጭ በል እንኳ ሳይለኝ "ልታስተምር ነው ወይስ ምግብ ቤት ልትከፍት?" አለኝ። ጸሐፊዋ ሳቀች። የቤት ሥራው ተሰረዘ፤ ማካካሻውን ሁለት ቅዳሜ ያለ ክፍያ አስተማርኩ።

2. ከዚያ ወዲህ አላስቀምስም፤ አሠራር አጽፋለሁ። እንጀራ ይበቃሻል። ጾም አያግደውም፣ ሲጋገር ያላየም የለም። "ጎምዛዛ ፓንኬክ" ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም፤ እንጀራ ብሎ ይተወውና በአንድ ዓረፍተ ነገር ያብራራው።

ረቂቅ ሲለዋወጡ ደግሞ "ጥሩ ነው" ማለት ክልክል ነው። አንባቢው ያልገባውን አንድ ነገር መጠየቅ አለበት። አንዱ ልጅ አብሲት መጣልን ቃል በቃል ተርጉሞ፣ ከቦካው ሊጥ ትንሽ ተወስዶ በውሃ ይበስልና "ይጣላል" ብሎ ጻፈ። በእንግሊዝኛው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገባ ማለት ነው! ረቂቁ የደረሳት ልጅ ዳሩ ላይ በእርሳስ፣ "የሚጣል ከሆነ ለምን ይበስላል?" ብላ ጻፈችበት። ልጁ ተናደደ። "ማንም ሐበሻ ያውቀዋል" አለ። "ታዲያ በእንግሊዝኛ የምትጽፈው ለማን ነው?" አልኩት። ማታ እናቱ ጋ ደወለ። አምስት መስመር የነበረው ገጽ ተኩል ሆኖ መጣ፦ አብሲቱ ተመልሶ ሊጡ ውስጥ እንደሚገባ፣ ሊጡ ኩፍ እስኪል እንደሚጠበቅ፣ አለበለዚያ እንጀራው ዓይን እንደማያወጣ። ያንን ወረቀት አሁንም አለኝ፤ በየጊዜው ለሚመጡ ተማሪዎች አሳያለሁ።

3. ለክርክር ጽሑፍ የጤፍ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ጉዳይን ስጫቸው። አንድ የሆላንድ ኩባንያ ይዞት የነበረውን የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ውድቅ አድርጎታል። በንዴት ይጽፉልሻል፤ ንዴቱን ማስረጃ እንዳያደርጉት ብቻ ጠብቂ።

ያ ኃላፊ አሁን አዲስ መምህር ሲመጣ "እሱን ጠይቁት" እያለ ወደ እኔ ይልካል። ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ግን "ዛሬስ ምን አለ?" ማለቱን አልተወም።