የሻገተው ቀይ ቡና

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ነው። ለገና ግቢዬን ፕላስቲክ በሌለበት ጌጥ ማሳመር አምሮኛል። አምና ከዘመድ ማሳ ቀይ እሸት ቡና ለቅሜ፣ በክር ሰክቼ በረንዳው ላይ ሰቀልኩት። በአራተኛው ቀን ዝንብ ወረረው፤ ሻገተም። ልጆቼ በጣም ከፋቸው። ዘንድሮ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀዩን ቡና መምረጥሽ ጥሩ ነበር። በኅዳር ከእሱ የሚያምር ነገር እኔም አላውቅም። ነገር ግን እሸቱ ልጣጩ ሥር ጣፋጭ፣ ዝልግልግ ነገር አለው። ዝንቡንም ሻጋታውንም የጠራብሽ እሱ ነው። እኔም መጀመሪያ ዓመት የደረሰብኝ ይኸው ነው።

አሁን እሸቱን ሰፌድ ላይ ሳሳ አድርጌ አሰጣለሁ። ቶሎ ቶሎ አገላብጠዋለሁ፤ ማታ ጤዛ እንዳይነካው አስገባዋለሁ። አራት አምስት ቀን ፀሐይ ሲመታው ልጣጩ ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። መርፌ የሚገባው ያኔ ነው። ውስጡ ሁለት ፍሬ አለ አይደል? መርፌውን ጠፍጣፋ ጎናቸው በሚገናኝበት መሃል አሳልፊው። ፍሬውን ከነካ ይንሸራተትና ጣትሽን ይወጋሻል። ጨርሶ እስኪደርቅ ከጠበቅሽ ደግሞ ልጣጩ ይፈረካከሳል። ከሰካሽው በኋላ ክሩን እንደ ልብስ ገመድ ወጥረሽ ፀሐይ ላይ ተይው። ስትነቀንቂው ኳ ኳ ካለ ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ ቡና፣ ሆኗል፤ ከዚያ ወዲያ ውኃ ካልነካው አይሻግትም። ቀይነቱ ግን ይሄዳል፣ አስቀድመሽ እወቂው።

ቀይ ካማረሽ መሃል መሃሉ ላይ ዛላ በርበሬ ጣል አድርጊበት። ኮረሪማም ጨምሪ። ሂርማታ ገበያ በክር ተሰክቶ የሚሸጠውን እንዳለ መስቀል ነው፤ ሽታው ደጁን ያውደዋል። ማሰሪያው ቃጫ ይሁን፤ ከናይለን ክር ይልቅ ከደረቀ ነገር ጋር ይስማማል።

ልጆቹን አደራ፣ ጉሎ እንዳያስነኪያቸው። እሾሃማው ፍሬ ለጌጥ ዓይን ይስባል፤ በየአጥሩም ሞልቷል። ፍሬው ግን መርዝ ነው፣ ካኘኩት ሊገድል ይችላል። ለእነሱ የበቆሎ ሽፋን ስጫቸው። ውኃ ነከር ሲያደርጉት ይለሰልሳል፣ በፈለጉት ቅርጽ አበባ ይሠሩበታል።

ብዙ ሰው ክብ ጉንጉን በር ላይ ይሰቅላል። እኔ አልወደውም። በእኛ አገር ጉንጉን የሚቀመጠው መቃብር ላይ ነው፤ ለበዓል የመጡ ትልልቅ ሰዎች ሲያዩት ደስ አይላቸውም። ረጅሙን ክር ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ወደ ታች ልቀቂው። እዚያ ጤዛውም አያገኘውም። በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ሣሩ ሁሉ እርጥብ ነው። ዛፍ ላይ የምሰቅለው የማሽላ ዛላ ብቻ ነው። ወፎቹ ይለቅሙታል፤ በሁለት ቀን ባዶውን ቢቀር እንኳ ልጆቹ ከመስኮት አይነሡም።

ጥምቀት ሲያልፍ ሁሉንም አውርጂ። ኮረሪማውን ጠርገሽ ወደ ወጥ ቤት። ጀንፈሉን ግን አቧራ ስለጠጣ ለመጠጥ አልመልሰውም፤ ከነክሩ ካርቶን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። የአምናው እስከ አሁን አለ፣ ሲነቀነቅም ኳ ኳ ይላል።