«አይስብም» ያለኝ ልጅ

በቀደም አንድ ወጣት መካኒክ «ጋሼ፣ መንገድ ጠራጊው መኪና ቆሻሻ እየተወ ነው፤ ብሩሹን ምን ያህል ዝቅ ላድርገው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ልሰጠው አፌን ከከፈትኩ በኋላ ዝም አልኩ። ከብዙ ዓመት በፊት የሠራሁት ጥፋት ትዝ አለኝ።

ያኔ የምጠግነው በአየር የሚስብ መኪና ነበር። ትልቅ ማራገቢያው ቆሻሻው ከሚጠራቀምበት ካሶኒ አየር ይመጥጣል። ካሶኒው ደግሞ በወፍራም ቱቦ፣ መንገዱ ላይ ከተደፋው የመሳቢያ ሳጥን ይስባል። ሳጥኑ ዙሪያውን የጎማ መጋረጃ አለው፣ በሁለት የብረት ጫማ ላይ ይንሸራተታል። የጎን ብሩሾቹ ከጠርዝ እየጠረጉ ያቀብሉታል።

ሹፌሩ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ብዙም ሳልበልጠው ጋሼ ይለኛል። አንድ ጠዋት መጥቶ «ጋሼ፣ አይስብም» አለኝ። ወጥቼ አየሁት። አሸዋ ይተዋል። «ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ቀስ ብዬ ነድቻለሁ፣ አሁንም አይስብም አለ። የሳጥኑን የፊት የጎማ መጋረጃ ዝቅ አደረግሁለት። ወደ መንገዱ ከተጠጋ ይበልጥ ይስባል ብዬ ነው። ባሰበት። የፊቱ ጎማ ከኋለኛው ከፍ ማለት አለበት፤ ቆሻሻው የሚገባው በዚያ ነው። እኔ በሩን ዘግቼበት ቅጠሉን እንደ ዶዘር ይገፋ ጀመር።

ቀጥሎ የሞተሩን ዙር ጨመርኩ። ቀጥሎ የጎን ብሩሾቹን መሬት ላይ ጫንኳቸው። ብሩሽ የሚጠርገው በጫፉ ነው። ሲጫኑት ይተኛና በጎኑ ይፈጫል። ገና አዲስ የነበሩት ብሩሾች ወዲያው አለቁ። ልጁ አራተኛ ጊዜ ሲመጣ ሪፖርቱ ላይ «የአነዳድ ችግር» ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱም ሙከራዬ ስላልሠራ፣ ከእኔ ውጪ የቀረው እሱ ብቻ ነበርና። ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቆ ሄደ።

ጥፋቱን ያገኘው መኪና አጣቢው ነው። ካሶኒውን ከውስጥ አጥቦ የኋላ በሩን ሲዘጋ፣ ውሃው በታችኛው ጥግ ክንድ ከሚያህል ቦታ ይወርዳል። «ይሄ በር አይገጥምም እንዴ?» አለኝ እየሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ውሃ የሚወጣበት አየር ይገባበታል። ማራገቢያው አየሩን የሚወስደው ከቀለለው በኩል ነው፤ በበሩ ካገኘ ከመንገዱ ላይ ምን አስለፋው? የበሩን ጎሚኒ፣ ዙሪያውን የሚያሽገውን ላስቲክ፣ እኮ አይቼው ነበር! ግን ያየሁት በሩ ተከፍቶ ነው። ተከፍቶ ሲታይ ሙሉ ነው። ከስሩ አሸዋ ተጠቅጥቆ በሩን እንዳይቀመጥ እንደያዘው የሚታወቀው ሲዘጋ ነው። አጽድቼ ዘጋሁት። መኪናው ሳበ። ልጁን ፈልጌ አላገኘሁትም። እውነቱን ለመናገር፣ አጥብቄም አልፈለግሁትም።

ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ወረቀት እዘጋበታለሁ። ስስበው እንደ ቅቤ ከወጣ ጎሚኒው አልያዘም ማለት ነው። ከዚያ ካሶኒው ውስጥ ያለውን ወንፊት አያለሁ፤ ቅጠል ከደፈነው ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ቱቦው የሚታጠፍበትን ቦታ። አሸዋ ቶሎ የሚበሳው እዚያ ላይ ነው። ቀጥሎ ጫማዎቹን። አንዱ ከሌላው በልጦ ካለቀ ሳጥኑ ያዘነብላል፣ የፈለጋችሁትን ያህል የጎማ መጋረጃውን ብታስተካክሉ አይረዳም። ብሩሽ የምነካው መጨረሻ ላይ ነው። ካሶኒ ተነስቶ ሳለ ያለ መቆሚያ ከስር አትግቡ ብዬ አልጽፍም፤ ይህን ያላወቀ ሰው መፍቻ አይያዝ።

አብሮኝ የሚሠራ ሽማግሌ ነበር፣ የካቻቢቴን ጫፍ ማራገቢያው ቤት ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ማራገቢያው የሚዞርበት ኩሽኔታ መበላሸቱን ያውቅ ነበር። የዛሬ ልጆች ስልክ አውጥታችሁ ትቀርጹና ለአሥር ሰው ትልካላችሁ። ጆሯችሁን ግን አታስጠጉም። ደግሞ ልዋሽ አልችልም፣ ያኔ ስልክ ቢኖረኝ ጫማዎቹን በየሳምንቱ ፎቶ አነሳ ነበር። መቼ ማዘንበል እንደጀመሩ አይጠፋኝም ነበር።

ማንዋሉን አንብቡ እላለሁ፤ እኔ ራሴ ግን ግማሹን በእጄና በዓይኔ ነው የማስተካክለው። መሐል ላይ የሚሽከረከር ትልቅ ብሩሽ ያለው መኪና ከሆነ ለምሳሌ፣ ደልዳላ ቦታ አቁሜ ብሩሹን ጥቂት አሽከረክረውና አነሳዋለሁ። አቧራው ላይ የቀረውን አሻራ አያለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ስፋት ካለው ደህና ነው። በአንድ በኩል ሰፍቶ በሌላው ከጠበበ ዘሟል ወይም በአንድ ወገን አልቋል። ስፋቱ ስንት ሴንቲሜትር ይሁን የሚለውን የሚነግራችሁ ግን ማንዋሉ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

እና ወንድሜ፣ ብሩሹን ገና አትንካው። መኪናው የሚተወው ቆሻሻ መስመር ሠርቶ ነው ወይስ በሙሉ ስፋቱ ተበትኖ? ሹፌሩንም ጠይቀው፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ደውልልኝ።