አባቴ ታመው ደስ ቢለኝ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? አባታችን ጠና ያለ ሕመም ላይ ናቸው። ሐኪሞቹም ብዙ ተስፋ አልሰጡንም። እኛ ልጆቻቸው ለዓመታት ተራርቀን ነበር። ከታላቅ ወንድሜ ጋርማ ጭራሽ አንነጋገርም ነበር። አሁን በተራ እናስታምማለን፣ ማታ ማታ አልጋቸው አጠገብ አብረን እንጸልያለን፣ አንዳንዴም እንስቃለን። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ ራሴን እታዘባለሁ። ሰዎች «ስለ በሽታውም አመስግኚ» ይሉኛል፤ እሱን ግን አፌ እሺ አይለኝም። አባቴ ስለ ሞታቸው ማውራት ሲጀምሩ ደግሞ ሁላችንም «ኧረ ይተዉ» ብለን እናስቆማቸዋለን። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር አባትሽን ይማርልሽ።

ደስታሽ ኃጢአት አይደለም። አባታችን ያዕቆብ ታሞ ሳለ ለዮሴፍ «አባትህ ታሟል» ብለው ነገሩት። ዮሴፍ ምናሴንና ኤፍሬምን ይዞ መጣ። ሽማግሌው እንደምንም ተበረታቶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ከእርጅና የተነሣ ፈዟል። የልጅ ልጆቹን ሳማቸው፣ አቀፋቸው። ከዚያ ለዮሴፍ፣ ፊትህን እንኳ አያለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር፣ እግዚአብሔር ግን ልጆችህንም አሳየኝ አለው (ዘፍ. 48)። ልብ በይ፤ ስለ ሕመሙ አላመሰገነም። ያመሰገነው ስለ ልጁና ስለ ልጅ ልጆቹ ነው። አንቺም የወንድምሽን ፊት በዚያ አልጋ አጠገብ ስታዪ ደስ ካለሽ፣ ያው የያዕቆብ ደስታ ነው።

በሽታውን እንድትወጂው ማንም አላዘዘሽም። ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። ሐዋርያው ጳውሎስ «በሁሉ አመስግኑ» ሲል ልቅሶን አልከለከለም። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ጣጣው የመጣው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። (ይህን ለጠያቂዎቻችሁም ብትነግሪልኝ ደስ ይለኛል።)

እንዴት ላመስግን ካልሽ፣ ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ አኮቴት፣ በምስጋናው ጸሎት፣ አስተምራሻለች። ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ እስከዚህችም ሰዓት አድርሶናልና እናመስግነው እንላለን። እስከዚህች ሰዓት ነው። የሚቀጥለው ወር አልተነሣም። ከምስጋናው ቀጥሎ ደግሞ ይህችን ቀንና የሕይወታችንን ዘመን ሁሉ በሰላም እንዲጠብቀን እንለምናለን። ስለዚህ ማመስገን ማለት ልመና ማቆም፣ እጅ መስጠት አይደለም። ማታ ስትሰበሰቡ ከልመናው በፊት እያንዳንዳችሁ ከዚያ ቀን አንድ ነገር አንሡና አመስግኑ። ሕመሙ ጋብ ያለበት አንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ወንድምሽ ሌሊቱን ተቀምጦ ያደረበት ተራ ሊሆን ይችላል። አባትሽም አቅም ካላቸው የራሳቸውን ይናገሩ፣ ይመርቁአችሁ። ታማሚ ሁልጊዜ ተረጂ ብቻ ሲሆን ይከፋዋል። ያዕቆብ እኮ ታሞ ነው የመረቀው።

ፈውስ መለመናችሁንም ቀጥሉ። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ አልቅሶ ለመነ፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። ነቢዩ ኢሳይያስ ደግሞ የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ አድርጉለት አለ። ጸሎትና መድኃኒት በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ናቸው። «እምነት ካላቸው መድኃኒቱን ያቁሙ» የሚል ቢመጣ አትስሙት።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከወንድምሽ ጋር አብሮ መሳቁ ጥሩ ነው፤ ዕርቅ ግን ገና ነው። ዮሴፍ የሸጡትን ወንድሞቹን ይቅር ብሎ፣ ያዕቆብም ግብፅ ውስጥ 17 ዓመት አብሯቸው ኖሮ፣ አባታቸው ከሞተ በኋላ «ዮሴፍ ቂሙን ያወጣብን ይሆናል» ብለው ፈሩ። ያን ያህል ዘመን በልባቸው ተደብቆ የቆየ ነገር ነበር። ስለዚህ ወንድምሽን ለብቻው አግኚውና በግልጽ አውሩ። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ መቁጠር ከጀመራችሁ አታበቁም፤ ይቅርታውን ቀድመሽ ጠይቂ። የውርስ ወሬ ካለ ደግሞ ከዚያ ክፍል ይውጣ።

ድካሙንም አትደብቁት። መጽሐፈ ሲራክ አባትህን በሽምግልናው እርዳው፣ አእምሮው ቢደክም እንኳ ታገሠው ይላል። ልጅ እንደሚሰለች ባይታወቅ ይህ ምክር ባላስፈለገ ነበር። ተራው በእኩል ይከፈል። የስንቱ ቤት ሸክም በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ብቻ ሲወድቅ አይተናል።

አባትሽ ስለ ሞት ሲያወሩ አታቋርጧቸው። ያዕቆብ የሚቀበርበትን ቦታ ነግሮ ዮሴፍን አስምሎታል። ዮሴፍ «ኧረ ተው» አላለም፤ እንደ ቃልህ አደርጋለሁ አለው። እናንተም አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ስሙ፤ ብታለቅሱም ምንም አይደለም። የንስሐ አባታቸውን ማግኘት ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቋቸው። ምሥጢረ ቀንዲል፣ ማለትም ካህናት ለታመመ ጸልየው ዘይት የሚቀቡበት ሥርዓት፣ ሰው ሊሞት ሲል ብቻ የሚደረግ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሐዋርያው ያዕቆብ ግን «የታመመ ማንም ቢኖር» ነው ያለው። አባትሽ ጸሎቱን እየሰሙ «አሜን» ማለት በሚችሉበት ጊዜ ቢደረግላቸው ይሻላል። ካህኑ ሲመጡ ስለ ጾሙም አንሡላቸው። ታማሚ ጹም ተብሎ አይገደድም፤ አንዳንዱ መድኃኒትም ያለ ምግብ አይወሰድም።