ኖራውን ይተዉት፣ የውሃውን ቀን ያስተካክሉ

ጥያቄው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን የመጣ ነው። «በጥቅምት መጨረሻ ግቢዬ ውስጥ 40 እግር ሮማ ቲማቲም ተከልኩ። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ቁመቱ ደረቴ ደርሷል። ፍሬው ግን ሎሚ ሲያክል ከታች በኩል ይጠቁራል። ቧንቧ የሚመጣው በየአራት ቀኑ ስለሆነ ያን ቀን አጥለቅልቄ አጠጣለሁ። ዩሪያም በየሁለት ሳምንቱ ለየእግሩ አንድ እፍኝ እሰጣለሁ። ካልሲየም ስለጎደለው ኖራ ጨምርበት ተባልኩ፤ ልጨምር?»

አይጨምሩ። መጀመሪያ አንዱን ፍሬ በቢላ ይሰንጥቁት። ጥቁረቱ ከአገዳው ጋር ከተያያዘበት በተቃራኒው ጫፍ ከሆነ፣ ደረቅና ዝርግ ሆኖ እንደ ቆዳ ከጠነከረ፣ ትልም ሽታም ከሌለው በሽታ አይደለም፤ የሻጋታ መድኃኒት ቢረጩበት ብርዎን ነው የሚረጩት። በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ከጥቁር ኩስ ጋር ካዩ ግን ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የእሳት ራት ትል ነው። እንዲህ ያለውን ፍሬ ለቅመው በፌስታል አጥብቀው ያስሩና ፀሐይ ላይ ይጣሉት።

ካልሲየም ጎደለ ያሉዎት አልተሳሳቱም፤ የጎደለው ግን ፍሬው ውስጥ ነው እንጂ መሬቱ ውስጥ አይደለም። ድሬዳዋ ላይ ሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለው ኖራ ድንጋይ በቅርብ ስላለ ነው፤ ውሃ የሚያፈሉበት ድስት ግርጌ የሚጋገረው ነጭ ነገርም ያው የኖራ ዘር ነው። ተክሉ ካልሲየምን የሚያጓጉዘው ከሥር በሚመጠጥ ውሃ ብቻ ነው። ውሃውን አብዝቶ የሚስበው ደግሞ ፀሐይና ነፋስ የሚያተነው ቅጠል ስለሆነ ፍሬው የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። መሬቱ ሁለት ቀን ሲደርቅ ያም ይቋረጣል፤ ቅጠል ውስጥ የገባው ካልሲየም ደግሞ ወደ ፍሬ አይመለስም። ወተትና የእንቁላል ቅርፊት ውሃ ቅጠል ላይ መርጨት የማይጠቅመው ለዚህ ነው። አመድ ጭራሽ ያባብሰዋል፤ ፖታሽየሙ ከካልሲየሙ ጋር ይሻማል።

ዩሪያው ሁለተኛው ጥፋት ነው። አንድ እፍኝ ለአንድ እግር ከሚያስፈልገው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ቅጠሉን ያደልባል፣ የደለበ ቅጠል ደግሞ ውሃውን ከፍሬው ይቀማል። ለአንድ ወር ጨርሶ ያቁሙ፤ ከዚያ በኋላ አንድ የሃይላንድ ክዳን ሙሉ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ፣ አፈር አልብሰው፣ ወዲያው አጠጥተው።

አሁን ወደ ውሃው። ፍሬ የያዘ አንድ እግር በድሬ በጋ በቀን 2 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። 40 እግር በአራት ቀን 320 ሊትር ማለት ነው፤ አንድ በርሜልና ስድስት ጀሪካን። ይህን ማጠራቀም ካልቻሉ 25 እግር ብቻ አስቀርተው ሌላውን ይንቀሉ፣ አንድ በርሜል ይበቃቸዋል። 25 በደንብ የጠጡ እግሮች ከ40 የተጠሙ ይበልጣሉ።

ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ይቁረጡ፣ ክዳኑን በጋለ መርፌ ሁለት ቦታ ይብሱ፣ አንገቱን ወደ ታች አድርገው ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅበሩት። ሲቆፍሩ በአንድ ጎን ብቻ፣ ቀስ ብለው፤ የተቆረጠ ሥር ራሱ ፍሬውን ያጠቁረዋል (ጠልቆ መኮትኮትም እንደዚሁ)። በየቀኑ ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ይሙሉት። በአምስት ደቂቃ ካለቀ ቀዳዳው ሰፍቷል። እስከ ማታ ከቆየ ኖራው ደፍኖታልና ክዳኑን አቼቶ ውስጥ ያሳድሩት።

ሥሩን በተከታተፈ የማሽላ አገዳ ወይም ከባቢሌ በሚመጣው ኦቾሎኒ ቅርፊት አራት ጣት ውፍረት ያልብሱት፤ ግንዱን ግን አይንካ፣ ይበሰብሳል። መጠጣቱን ለማወቅ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ይስደዱ፤ እዚያ ድረስ ደረቅ ከሆነ ዘግይተዋል።

የጠቆረው ፍሬ አይድንም፣ ቆርጠው ያውጡት፤ ያልጠቆረው ክፍል ይበላል። ዛሬ የሚያዩት ጥቁረት ፍሬው ገና ትንሽ ሳለ የተጠማው ነውና ከማስተካከያው በኋላም አንድ ሁለት ሳምንት የጠቆረ ቢወጣ አይደንግጡ። በሚቀጥለው ዓመት ክብ ፍሬ ያለው ዝርያ ይሞክሩ፤ እንደ ሮማ ያለው ሞላላ ለዚህ ችግር በጣም ይጋለጣል።

ከመጋቢት በኋላ አበባው መርገፍ ሲጀምር ውሃ አያብዙበት። ሌሊቱ ስለማይበርድ ነው የአበባው ብናኝ ከስሞ ፍሬ የማይይዘው፤ እስከዚያ የያዘውን ፍሬ አድርሰው ይንቀሉት። ሐረር ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ እዚያ አበባ የሚያረግፈው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ስለሆነ ቀን ሙሉ ፀሐይ የሚጠጣ የድንጋይ ግንብ ሥር መትከል ይሻላል።