ሳር ለመቁጠር ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ዘንድሮ በባዮሎጂ ተመርቄያለሁ። አንድ ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ለአዲስ አበባ ቢሮው ኢንተርን እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አየሁ። ሥራው "ማኅበረሰቡ ራሱ የሚመራውን የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ መደገፍ" ይላል። ምን እንደምሠራ ግን ቁርጥ ብሎ አልገባኝም። ገንዘቡም ትንሽ ነው። አባቴ ሲሰማ "ሳር ለመቁጠር ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?" ብሎ ተቆጣ። እርስዎ በዚህ ሥራ እንዳለፉ አንብቤያለሁ። ልግባበት ወይስ ቋሚ ሥራ ልፈልግ? (ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እህቴ፣ አመልክቺ። ከአባትሽ ጥያቄ ልጀምር፤ ምክንያቱም እናንተው አካባቢ ሳር ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች ትልቅ ነገር አቆይተውልናል።

የመንዝ ጓሳን ሳታውቂው አትቀሪም። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር ውርጫማ ደጋ ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። የተመረጡ አለቆች ነበሩት። ጓሳው ይዘጋል፣ አንዳንዴ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት፤ ሳሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፣ ከዚያ በፊት የገባ ይቀጣል። ሳሩ የቤት ክዳን ነው፣ ገሳ ነው፣ ገመድ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቀሮ የቆመበት የርስት ይዞታ ፈረሰ፤ ጥበቃውም ላላ። ሰዎቹ ግን ዝም ብለው አላዩትም፤ በኮሚቴ ተደራጅተው እንደገና አቆሙት፣ የክልሉ መንግሥትም በኋላ በሕግ አወቀላቸው። ቀይ ቀበሮ ዛሬም እዚያ አለ። ይህ እንስሳ በመላው ዓለም የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው፣ ከኢትዮጵያ ውጭም የለም። የሚበላው በሳሩ ውስጥ ያለውን አይጥና ፍልፈል ነው። ሳሩ ከሄደ እሱም ይሄዳል። ይህን ለአባትሽ ንገሪው። ገሳ ለብሶ ያደገ ሰው ከሆነ ደግሞ አንቺን ሊያስተምርሽ ይችላል፤ ጠይቂው።

እንግዲህ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የሚደግፉት ይህንን ዓይነት ሥራ ነው። አንዱን ልጥቀስ፦ ግሎባል ኢንቫይሮመንት ፋሲሊቲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ ገንዘቡን የሚሰጠው፣ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም (ዩኤንዲፒ) የሚያስፈጽመው የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 ነው የተጀመረው። ገንዘቡን በቀጥታ ለማኅበረሰብ ቡድኖችና ለአገር በቀል ድርጅቶች ይሰጣል፤ ለብዙ ዓመታት ለአንድ ፕሮጀክት የሚሰጠው በተለምዶ እስከ 50,000 ዶላር ነበር። ማን ያግኝ የሚለውን በየአገሩ የሚቋቋም ኮሚቴ ይወስናል፤ አብዛኞቹ አባላቱም የመንግሥት ሰዎች አይደሉም።

ኢንተርን እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል? ብዙው የወንበር ሥራ ነው፣ አልዋሽሽም። የፕሮጀክት ሐሳቦችን ታነቢያለሽ፣ ሪፖርት ታሳጥሪያለሽ፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ትመልሺያለሽ፣ ለስብሰባ ሰነድ ታዘጋጂያለሽ። መስክ ከተገኘ አስተባባሪውን ተከትለሽ ትወጫለሽ። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ነገር ጠይቂ፦ "ባለፈው ዓመት የነበረው ኢንተርን ስንት ጊዜ መስክ ወጣ?" መልሱ "አንድም ጊዜ" ከሆነና ሌላ አማራጭ ካለሽ ሌላውን ያዢ። የመንገዱ ሁኔታ የማያስኬድበት ጊዜ መኖሩን ደግሞ አትርሺ፤ ያ የቢሮው ጥፋት አይደለም።

መስክ ስትወጪ እኔ ያጠፋሁትን እንዳትደግሚ ልንገርሽ። ኢንተርን ሳለሁ አንድ ደጋ መንደር ባለ 40 ጥያቄ ቅጽ ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ከብትና በግ አለዎት?" ነበር። ያሳረፉን እናት ቡና እየቆሉ "ሁለት በግ" አሉኝ። ሁለት ብዬ ጻፍኩ። አመሻሹ ላይ በጎቹ ከመስክ ተመለሱና በፊታችን አልፈው ወደ በረት ገቡ፣ አሥራ ሰባት ስደርስ መቁጠሬን አቆምኩ። እሳቸው ዝም አሉ፣ እኔም ወደ ወረቀቴ አቀረቀርኩ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም። የበግ ቁጥር ሲጠየቅ የሚያውቁት ለግብር ነው፤ ማን እንደሆንኩ ሳልናገር ቀድሜ ኪሳቸው ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ቅጹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና "እማማ፣ ዘንድሮ ሳሩ እንዴት ነው?" አልኳቸው። ጭብጥ ሳር አነሱ፣ ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው እያሹ ገመድ ማክረር ጀመሩ፣ እያከረሩም የትኛው ዓመት ሳሩ እንደረዘመ፣ የትኛው ዓመት ማን ሰርቆ እንዳጨደና ምን እንደተቀጣ አወሩኝ። ሰዓት ሙሉ። ከሪፖርቴ ውስጥ ለሰው የሚጠቅመው ያ ክፍል ብቻ ነበር፣ ከልቤ ነው የምልሽ።

ሌላው ነገር ከባድ ነው፣ አደራ። ሰዎች የመድኃኒት ዕፅ ያሳዩሻል፣ የዘር አመራረጥ ይነግሩሻል። ይህ እውቀት ባለቤት አለው። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ እውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ፣ ከሚገኘው ጥቅምም ማኅበረሰቡ እንዲካፈል ይደነግጋል። በጤፍ የደረሰብንን አስታውሺ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት ይዞ ነበር፣ ለአገራችን የደረሰው ጥቅም ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሄግ ፍርድ ቤት ያንን መብት በኔዘርላንድ ዋጋ ያሳጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስለዚህ የዕፁን ስምና አጠቃቀሙን ጽፈሽ ፌስቡክ ላይ አትለጥፊ። ከመጻፍሽ በፊት ፈቃድ ጠይቂ፣ ምን እንደምታደርጊበትም ንገሪያቸው። የጻፍሽውንም ቢሮ ከማስገባትሽ በፊት ሄደሽ በአማርኛ አንብቢላቸው። ያርሙሻል። እኔን ሁለት የቦታ ስም አርመውኛል፣ በአንዱ ምክንያት የወሰን ጭቅጭቅ ሊነሳ ይችል ነበር።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ አንዳንዱ የኪስ ገንዘብ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ምንም አይሰጥም። ከመፈረምሽ በፊት የመስክ አበል፣ ኢንሹራንስና ጊዜው ስንት ወር እንደሆነ በጽሑፍ ይስጡሽ። አዲስ አበባ የምታርፊበት ዘመድ ከሌለ የቤት ኪራዩ ያስጨንቅሻል። ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነ ከሦስት ወር በላይ አትግቢ። ግን አሁን አመልክቺ፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከተመረቀ የቆየ ሰው አይቀበሉም። ቋሚ ሥራ በኋላም ይገኛል፤ ይሄኛው በር ይዘጋል።

ማመልከቻሽ ላይ "ተፈጥሮን እወዳለሁ" አትበይ፣ ሁሉም ይላል። ያደግሽበትን የደብር ጫካ ወይም የተከለለ ተራራ ጻፊ። ማን ይጠብቀዋል? እንጨት የቆረጠ ምን ይቀጣል? ደንቡን መቼ ቀየሩት፣ ለምን? እሱን ሁለት አንቀጽ ካደረግሽው ይጠሩሻል።

ጥያቄ፦ የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። እንዲህ ያለ ቦታ ለእኔ ዓይነቱ ይሆናል? (ከጅማ)

መልስ፦ እንዴታ! ጥሩ ሥራ የሠሩ ማኅበራት በሂሳብ ምክንያት ሲወድቁ አይቻለሁ፣ ያንገበግባል። ድጋፉ የሚለቀቀው በክፍል በክፍል ነው፤ የመጀመሪያው ካልተወራረደ ሁለተኛው አይመጣም። ማኅበሩ ደግሞ ችግኙን የሚገዛው ከአርሶ አደር ነው፣ አርሶ አደሩ ደረሰኝ ከየት ያመጣል? ስለዚህ የግዢ ሰነድ ታዘጋጅላቸዋለህ፦ የሻጩ ስም፣ ብዛት፣ ዋጋ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ሦስት የኮሚቴ አባላት፣ የቀበሌ ማኅተም። ይህ ተቀባይነት እንዳለው ግን ችግኙ ከመገዛቱ በፊት ከለጋሹ ቢሮ በጽሑፍ አረጋግጥ። ዝናቡ ጀምሮ ችግኙ ከተተከለ በኋላ "ሰነዱ አይሆንም" ሲባል የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።