«ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ለሚልህ ሰው ቀብድ እንዳትከፍል

ከሸዋ ሮቢት ለጠየቅከው ወንድሜ። ጥያቄህን ሳነብ ሆዴ ቁርጥ ነው ያለው። ከስር የተጻፈልህን ሳይ ደግሞ ሁሉም «ተወው፣ አዲስ ግዛ» ብሎሃል። ኧረ ቆይ፣ ገንዘቡ የእነሱ አይደለ!

ያልከው ይሄን ነው፦ የቆየ ኤችፒ ኮምፓክ ዴስክቶፕ አለህ። እየሠራህበት ሰማያዊ ስክሪን እያወጣ ይጠፋብህ ነበር። አሁን ጭራሽ አልነሳ ብሏል። ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። የሚጠግነው ልጅ «ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ተቃጥሏል» ብሎ ቀብድ ጠይቆሃል።

የእኔም አንድ በአንድ እንደዚህ ነው ያደረገኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮምፒውተሩ ቆመ ማለት እንጀራዬ ቆመ ማለት ነው። ስለዚህ «ገመዱን አይተሃል ወይ» ምናምን አልልህም። ፋኑ ከዞረ መብራት ገብቷል።

1. ቀዩን መብራት ቁጠር።

ከፊት ለፊት፣ የምታበራበት ቁልፍ ላይ ያለችውን መብራት ማለቴ ነው። የቆዩት ኮምፓኮች ሲታመሙ እሷ ቀይ ሆና ብልጭ ትላለች፤ በየሰከንዱ አንድ ጊዜ። ከዚያ ለሁለት ሰከንድ ያህል ታርፍና እንደገና ትጀምራለች። እስክታርፍ ያለውን ቁጠር። ሁለት ከሆነ ሙቀት ነው። አራት ከሆነ ፓወር ሰፕላይ፣ መብራቱን ተቀብሎ ለውስጡ የሚያከፋፍለው ሳጥን። አምስት ራም፣ ኮምፒውተሩ እየሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ። ስድስት የግራፊክስ ካርድ። ማዘርቦርድ ሰባት ነው። ሰባት!

አብሮ የሚጮህ ድምፅም አለ። ድምፁ ግን አምስት ዙር ጮሆ ዝም ይላል። መብራቷ ብቻ ትቀጥላለች። ጥገና ቤት ውስጥ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ ሦስት ሰው እያወራ፣ ማን ይሰማዋል? «ምንም አይልም፣ ሞቷል» ይሉሃል። አዳዲሶቹ ኤችፒዎች ቀይና ነጭ እያፈራረቁ ስለሚያበሩ አቆጣጠራቸው ሌላ ነው፤ ዴልም የራሱ አለው። ያንተ ግን ኮምፓክ ነው ብለሃል።

የእኔ አምስት ነበር። አምስት እያለ ነው «ማዘርቦርድ» የተባልኩት። ይህን የነገረኝ ባለሙያ እንዳይመስልህ። ኤችፒ ለየሞዴሉ ያዘጋጀው የጥገና መምሪያ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። በስልኬ አውርጄ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ አነበብኩት። እንግሊዝኛው ከባድ አይደለም፤ ሠንጠረዥ ነው።

2. ማንም ሰው ፎርማት እንዳያደርግብህ፤ ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ላይ፣ ገና ሰማያዊ ስክሪን እያወጣ ሳለ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሽፋኑን እንኳ አልከፈተም። ስክሪኑን አየት አደረገና «ዊንዶው ነው፣ ፎርማት ይፈልጋል» አለ። «ዴስክቶፑ ላይ የሰው ሥራ አለ፤ እሱን ሳታወጣ እንዳትነካው» አልኩት። «ሴትዮ፣ እኛ ሥራችንን እናውቃለን» አለኝ። ሴትዮ! እናቱ ብሆን ይሆን እንደዚያ የሚለኝ?

ስመለስ ኮምፒውተሩ ተከፍቶ ጠበቀኝ። ሰማያዊ አዲስ ግድግዳ፣ ከጥግ ላይ የቆሻሻ ቅርጫቷ ብቻ። ሌላ ነገር የለም። ወቅቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያስጽፉበት ነበር። የአንድ እድር መተዳደሪያ ደንብም ጀምሬ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ በእጅ ጽፈው ያመጡትን። የቆየው ሥራዬ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ስለተቀመጠ እሱስ ተርፏል። የጠፋው የዚያ ሰሞኑ ነው። ሰው ደግሞ የሚጠይቅህ የዚያ ሰሞኑን ነው።

«የት አደረግከው?» ስለው «ባክአፕ አልያዝሽም እንዴ?» ብሎ መልሶ እኔን ወቀሰ። ሒሳቡን ግን አልረሳም። ሙሉውን ተቀብሎኝ ነው የወጣሁት። በማግስቱ ኮምፒውተሩ ያንኑ ሰማያዊ ስክሪን አወጣ። ይኸው ነው እንግዲህ «ዊንዶው ነው» የተባለው!

ፋይሉን ደግሞ እንዲህ ነው ያወጣሁት። ሃርድ ዲስኩን ፈትቼ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አያያዝኩትና ሬኩቫ በሚባለው ፕሮግራም ፈለግኩ። ግማሽ ያህሉ ተገኘ። ስማቸው ተዘበራርቆ፣ አንዳንዱ ከመሀል የተቆረጠ፣ ግን ተገኘ። አንዲት ተማሪ ሦስተኛው ምዕራፏ ሲገኝላት አቅፋኛለች። ዲስኩ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው አዲሱ ዓይነት) ቢሆን ኖሮ ግን ተስፋ አልነበረኝም። ኤስኤስዲ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ስለሚያጸዳው ብዙ ጊዜ አይመለስም። ያንተ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ለማንም አትስጥ።

ያንተ ስክሪን ጥቁር ስለሆነ አሁን ማድረግ የምትችለው ዲስኩን መፍታት ብቻ ነው። ከሳታ (የዲስኩ መሰኪያ) ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ አለ፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንደ ፍላሽ ይነበብልሃል። ስክሪኑ በርቶ ዊንዶውሱ ብቻ እምቢ ካለህ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ሰክተህ ተነሳ፤ መጫኛው ሲከፈት ሺፍትና ኤፍ10ን አንድ ላይ ተጫን። ጥቁሩ መስኮት ሲመጣ ኖትፓድ ብለህ በእንግሊዝኛ ጻፍ። ኖትፓዱ ውስጥ «ፋይል» ከዚያ «ኦፕን» ብትል ዲስክህ ውስጥ ያለው ሁሉ ይታይሃል። ከታች «ኦል ፋይልስ» የሚለውን ምረጥ፣ ከዚያ ፋይሉን ኮፒ አድርገህ ሌላ ፍላሽ ላይ ለጥፍ። ይህን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ያንን ልጅ ደጁን አልረግጥም ነበር።

3. ራሙን ራስህ ንቀል።

አትፍራ። ገመዱን ከሶኬት ንቀል፣ ከዚያ የማብሪያ ቁልፉን ተጭነህ ትንሽ ቆይ፤ የቀረው ኃይል ይውጣ። የብረቱን አካል በእጅህ ንካ። ፓወር ሰፕላዩን ግን እንዳትከፍት። ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ ሊመታህ ይችላል።

ራሙን ከሁለት ጫፍ የያዙትን መያዣዎች ወደ ውጭ ገፋ ስታደርጋቸው እሱ ራሱ ብቅ ይላል። ወርቃማውን ጥርስ በላጲስ ቀስ ብለህ እሸው። የላጲሱን ፍርፋሪ በደንብ አራግፍ። ከዚያ አንዱን ብቻ መልሰህ ቀጭ እስኪል ተጫን። አብራው። እምቢ ካለ ሌላኛውን ሞክር። ከዚያ ማስገቢያውን እየቀየርክ ሞክር። የጎረቤቴ ኮምፒውተር በላጲስ ብቻ ነው የተነሳው። የፀጉር ቤት ነው፤ ሲከፈት ውስጡ ፀጉርና አቧራ ተቋጥሮ ነበር።

የእኔን ስከፍት ግን ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። ፎርማቱ ስላልረዳው ጥገና ቤቱ «እስቲ ተዪው፣ በደንብ እንየው» ብሎ መልሶ ተቀብሎኝ ነበር። ሲያከርመኝ፣ ሲያከርመኝ ከርሞ ነው «ማዘርቦርድ» ያለው። የጠየቀኝ ዋጋ ያገለገለ ሙሉ ኮምፒውተር ለመግዛት ትንሽ ነው የሚጎድለው። አንገቴን ደፍቼ ይዤው ተመለስኩ። ቤት አምጥቼ ራሙን ስነቅል አንዱ ላይ 4 ጊጋ ይላል። ሌላው ላይ 2 ጊጋ! እኔ ስገዛው ሁለቱም ባለ 4 ነበሩ። ደረሰኙ ላይ ተጽፏል፤ ደረሰኝ ደግሞ አልጥልም።

ባለ 4ቱን ብቻ ሳስገባ አምስት ጊዜ ቀይ። ላጲስም አላዳነውም። ባለ 2ቱን ብቻ ሳስገባ ተነሳ! ያቺ የኤችፒ ምልክት ስክሪኑ ላይ ስትመጣ እልል ነው ያልኩት፤ አጠገባችን ያለው ቡና ቤት ሁሉ ሰምቷል። ነገሩ እንዲህ ነው እንግዲህ፦ ከሁለቱ ራሞቼ አንዱ ታሞ ነበር፣ ሰማያዊውን ስክሪን የሚያመጣው እሱ ነው። ጤነኛውን ወስደው በባለ 2 ቀየሩት፤ የታመመውን ተዉልኝ።

ደረሰኙን ይዤ ሄድኩ። «እንደመጣ ነው ያለው» አለ። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ነበር፤ ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ ደረሰኙን አነበብኩለት። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ አንድ ባለ 4 አወጣና ባንኮኒው ላይ ወረወረልኝ። ይቅርታ የለም፣ ምን የለም። ቤት ወስጄ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም በፍላሽ ጭኜ ፈተሽኩት። ንጹሕ ነው። ያቺን ባለ 2 ግን አልመለስኩለትም።

4. ሰማያዊው ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክህ አንሳ። ጽሑፉ በየጊዜው የሚለያይ ከሆነ፣ አንድ ቀን «ሜሞሪ ማኔጅመንት»፣ ሌላ ቀን «ፔጅ ፎልት» የሚል ከሆነ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ራሙን ነው። ፈጥኖ እየጠፋ አልነበብ ካለህ፣ ሲነሳልህ «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» የሚባለው የዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ ገብተህ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን ምልክት አጥፋ። ዊንዶውስ ራሱ ከሚመዘግበው ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚለውን አሳይቶ «ይኸው ፓወር ሰፕላይ ነው» የሚልህ ካለ ደግሞ አትስማው። እሷ የምትናገረው ኮምፒውተሩ በሥርዓት እንዳልተዘጋ ብቻ ነው። ለምን እንደጠፋ አትናገርም።

5. ሰዓቱ ወደ ኋላ እየሄደ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች። ሲአር2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት፣ የትም ትገኛለች። ይህን የምልህ አንድ የማውቀው የሒሳብ ሠራተኛ ዴል ኦፕቲፕሌክሱ በዚህ ምክንያት አልነሳ ብሎት ስለነበር ነው። ዴሉ ባትሪው ሲያልቅ ባዮሱ (ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) ወደ ፋብሪካው ቅንብር ተመለሰ። የዲስኩ አሠራር ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ተቀየረ። ዊንዶውሱ ዲስኩን ማግኘት አቃተው፣ ሰማያዊ ስክሪን አወጣ። እዚህም «ፎርማት» ተብሎ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስጣልኩት። ባትሪው ተቀየረ፣ ባዮስ ውስጥ ወደ ኤኤችሲአይ ተመለሰ፣ በቃ ተነሳ። ማታ ማታ ከሶኬት የምንነቅል ሰዎች ባትሪዋ ቶሎ ታልቅብናለች። ቢሆንም ንቀል። መብራት ሲሄድ ንቀል፣ ሲመጣም ትንሽ አቆይተህ ሰካ። ስታብላይዘር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያድንህም፤ ለዚያ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው።

ሁለት ጊዜ ብልጭ ካለህ ደግሞ እናንተ ጋ ሙቀቱ ይታወቃል። እዚህ ጠዋት ጣት አልታዘዝ እስኪል ነው የሚበርደው፣ ኮምፒውተር ቶሎ አይግልም። ያንተ ፋን ግን ከአቧራ መጽዳት አለበት፤ ቴርማል ፔስቱም (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቆ ይሆናል። አራት ጊዜ ካለህ ፓወር ሰፕላይ ለመግዛት አትቸኩል። 6300 እና 8300 ከሚባሉት ኮምፓኮች ብዙዎቹ ገበያ ላይ የሚገኘውን ባለ 24 ፒን አይቀበሉም፤ የራሳቸው ባለ 6 ፒን ነው። ሻጩ «ይሆናል» ይልሃል። አይሆንም።

የግድ ለጥገና ወደዚህ ወይም ወደ አዲስ አበባ ከላክኸው ሃርድ ዲስኩን ፈትተህ ቤትህ አስቀር። እንዲህ ስክሪኑ የጠቆረውን ለሚጠግን ሰው ሃርድ ዲስክ አያስፈልገውም። ራሙን ፎቶ አንሳ፣ ላዩ ላይ ያለው ቁጥር እንዲነበብ አድርገህ። የሰጠኸውን ዕቃ ዝርዝር ጽፎ እንዲፈርምልህ ጠይቅ። ፊቱን ካጠቆረብህ ሌላ ቤት ሂድ።

አሁን ቀዩን መብራት በስልክህ ቪዲዮ ቅረጽና እዚህ ላክልን። የሞዴል ቁጥሩንም ጻፍ። አምስት ከሆነና የራሙ ዓይነት ዲዲአር3 ከሆነ ያቺ ባለ 2 ጊጋ እኔ ጋ አለች። ለሚኒባስ ሹፌር ሰጥቼ እልክልሃለሁ፤ ሞክረህ ትመልስልኛለህ።