እጅ ከማውጣታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ጣና ዳር ቡና ስንጠጣ ከመካከላችሁ አንዱ «ጋሼ፣ የምክር ቤት አባል ለመሆን ምን ያስፈልጋል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ማንበብ» ስለው ሳቀ። የጠበቀው ንግግር ማሳመር የምለውን ነበር መሰለኝ።

ባሕር ዳር ባለው የክልላችን ምክር ቤት ሦስት የምርጫ ዘመን አገልግያለሁ። የገባሁት በ1997 ምርጫ ነው። የመጨረሻው ዘመናችን ምርጫው በኮሮና ስለተራዘመ ከአምስት ዓመትም አለፈ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤትን የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ይለዋል። አዋጅ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል። በቴሌቪዥን የምታዩት ግን እጅ ሲወጣ ብቻ ነው።

የገጠር መሬት አዋጁ፣ ቁጥር 133/1998፣ ሲጸድቅ ገና አዲስ ነበርኩ። ረቂቁን ገለጥ ገለጥ አድርጌ ተውኩት። እጄን ግን ቀድሜ አወጣሁ።

ከወራት በኋላ ወደ መራጮቼ ወደ ፎገራ ወረድኩ። አንዲት እናት የይዞታ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ፎቷቸው ከሟች ባላቸው ፎቶ ጎን ተለጥፏል። «የኔ ልጅ፣ አቅም አነሰኝ። መሬቴን ባከራይ ስንት ዓመት ይፈቀድልኛል?» አሉኝ።

አላወቅኩም። «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አልኩ።

«እንዴ! ሕጉን ያወጣችሁት እናንተ አይደላችሁም?»

ተቆጥተው እንኳ አይደለም፤ ግራ ገብቷቸው ነው። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ዝክረ ሕጉን፣ የክልሉ አዋጆች የሚታተሙበትን ጋዜጣ፣ ከፍቼ ሳይ እስከ 25 ዓመት ይል ነበር። መልሱን ይዤ እስክመለስ ሁለት ወር አለፈ። እሳቸው በዚህ መሃል ማሳውን ያለ ጽሑፍ፣ በቃል ብቻ፣ ለጎረቤት ሰጥተውት ኖሯል። ያን ውል ለማስተካከል ስንት ሽማግሌ እንዳስቀመጥን አልነግራችሁም።

ከዚያ ወዲህ ረቂቅ ሲደርሰኝ በእርሳስ ነው የማነበው። ያልገባኝን አሰምርበትና ቋሚ ኮሚቴው ፊት እጠይቃለሁ። አንዳንዱ «ደግሞ መጣ» እያለ ዓይኑን ያጉረጠርጥብኝ ነበር። ለነገሩ «ክቡር» መባሉን የለመደ ሰው መጠየቅ ያፍራል። እኔም ለምጄው ነበር፤ አልዋሻችሁም። መራጭ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ማውረድ እንደሚችል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ተጽፏል። በእኔ ዘመን ግን ሲደረግ አላየሁም፤ መዘናጋቱም ከዚያ ይመጣል።

ረቂቅ አዋጅ እጃችሁ ከገባ ይዛችሁ ኑ። ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ጣና ዳር ነኝ። መነጽሬንም እርሳሴንም እይዛለሁ።